ያልተቀባው ግማሽ ግንባር

እቴቴ የስንቱን ትልቅ ሰው ግንባር ስትዳብስ እንደኖረች ብዘረዝር ቀኑ ይመሻል። ባለሥልጣኑም፣ ፕሮፌሰሩም፣ ዘፋኙም፣ ስለ ዝናብ የሚተነብየው ሰውዬ ሳይቀር ካሜራ ፊት ከመቅረቡ በፊት እሷ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኮሌታው እንዳይቆሽሽ አንገቱ ዙሪያ ሶፍት ትሰካለታለች፤ «ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉልኝ» ትለዋለች፤ እሱም እንደ ሕፃን ይጨፍናል። እኔ በዚያው የቴሌቪዥን ጣቢያ የድምፅ ሠራተኛ ነኝ። ማይክራፎን ኮታቸው ላይ የምሰካው እኔ ስለሆንኩ ከእሷ ክፍል ሲወጡ የምረከባቸው እኔ ነኝ። ተቀብተውም ሳይቀቡም አውቃቸዋለሁ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ከመናገራቸው በፊት ያለው ነው የምላችሁ።

እቴቴ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንላት። በዕድሜ የሚበልጣት ሥራ አስኪያጃችን እንኳ «እቴቴ» ነው የሚላት፤ መላጣው በመብራት እንዳያብለጨልጭ ሲፈልግ ደግሞ «እቴቴዬ» ይላታል። የምትሠራው ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ረዥም ሰው አንገቱን ሳይደፋ አይገባባትም፤ እቴቴ ይህን ነገሯን ትወድላታለች። በመስታወቱ ዙሪያ አምፖሎች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ጎን ያሉት ከተቃጠሉ ቆይተዋል፤ የጥገና ክፍሉ ግን ሁሌም «ተጠይቋል» ነው የሚለው። ስፖንጆቿን ማታ በሳሙና አጥባ መስኮቱ ላይ ትደረድራቸዋለች። እሷ ወሬ አታበዛም። ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳበስ አፉ ይፈታል፤ ሳትጠይቅ የሁሉንም ጉድ ትሰማለች።

ሥራውን የጀመረችው ሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ስታለቅስ የመጣችን ሙሽራ አሥቃ የምታስወጣ ነበረች ይላሉ። ባሏ ልጃቸው ጡት ሳትጥል ሌላ ትዳር አማረውና ሄደ፤ እሷም «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት» ብላ ልጇን ለብቻዋ አሳደገች። ልጅቷ አሁን ሩቅ ከተማ አስተማሪ ናት። አደጋው በደረሰ ጊዜ ግን ገና ተማሪ ነበረች፤ እቴቴ ዕረፍቷን ጨርሳ የምትመለሰውን ልጇን ልትሸኝ መናኸሪያ ሄደች። ልጇን የያዘው አውቶቡስ ከበሩ ወጥቶ ገና አቧራው ሳይረጋ፣ አንድ ሰው «እመለሳለሁ» ብሎ ያስቀመጠው ሻንጣ ፈነዳ።

ብዙ ሰው ሞተ። እቴቴ ተረፈች፤ የፊቷ ቀኝ ጎን ግን ከጆሮ ግንዷ እስከ አገጯ ተቃጠለ። ሐኪሞቹ ከጭኗ ቆዳ አንስተው ለጠፉላት። ቆዳው ያዘ፤ ሲደርቅ ግን ተሰበሰበና የቀኝ ዓይኗን የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ጎተተው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀኝ ዓይኗ አይከደንም። ስትሥቅም፣ ስትጸልይም፣ ስትተኛም ክፍት ነው። ሐኪሞቹ በግልጽ ነገሯት፤ ቆቡ በሌላ ኦፕራሲዮን ካልተስተካከለ ዓይኑ እየደረቀ ሄዶ ብርሃኑን ያጣል። ኦፕራሲዮኑን የሚሠራ ሰው እዚህ የለም። ወደ ውጭ የሚልካት ለጉዳተኞች ተብሎ የተቋቋመው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ በጀቱ ከምክር ቤት እስኪወጣለት ይጠብቃል። በሠለጠነ ቋንቋ «ሂደት ላይ ነው» ይባላል።

ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትገባና በሯን ዘግታ ፊቷን ትሠራለች። ስትወጣ ጠባሳውን ለማየት ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ሠራተኞች ዓይኗ ሳይርገበገብ ትኩር ብላ ስታያቸው «ይቺ ሴትዮ ኩራቷ!» ይላሉ። ከእኔና ከሥራ አስኪያጁ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ረስቶታል።

እንግዲህ ሻንጣውን ያስቀመጠው ሰውና ሁለት ግብረ አበሮቹ፣ ሦስቱም ተይዘው፣ ተፈርዶባቸው፣ እስር ቤት ተቀምጠው ሳለ አንድ ረቂቅ ሕግ መጣ፤ በሽብር ወንጀል የተፈረደበት ሁሉ በስቅላት ይቀጣ የሚል። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። በታክሲ ውስጥ፣ በፀጉር አስተካካይ ቤት፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይሰቀሉ፣ አይሰቀሉ ሆነ። በሕይወቱ ዶሮ አርዶ የማያውቅ ሰው ገመዱን እኔ ልጎትት አለ። ጎረቤቱን ሰላም የማይል ሰው ደግሞ ስለ ሰው ልጅ ክብር ሰበከን። የኛ ጣቢያማ ዕድል በሩን አንኳኳለት፤ «ታላቁ ክርክር» ብሎ ማስታወቂያውን ቀንና ሌት ይለቀው ጀመር።

ለስቅላቱ የሚከራከረው የምክር ቤት አባል፣ ረቂቁን ያመነጨው ሰው ነው። በተቃራኒው የሚቆመው የታወቀ ጠበቃ ነው፤ የታሳሪዎችን መብት የሚያስከብር ድርጅት አለው። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ከሁለቱ በተጨማሪ አንድ ተጎጂ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ፈለገች። አንድ ሽማግሌ ተገኙ፤ በፍንዳታው እግራቸውን ያጡ። ክራንቻቸውን ይዘው፣ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። አዘጋጇ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ካሜራማኑን እንዲህ ስትለው ሰማኋት።

«እግር ነው እኮ፤ ጠረጴዛው ይሸፍነዋል። ፊት የተጎዳ የለም?»

ሽማግሌውን በትህትና ሸኘቻቸው። ይህን ስትል እቴቴ በሯ ላይ ቆማ ስፖንጅ ትጨምቅ ነበር። አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ዝም በል ማለቷ ነበር። በኋላ ክፍሏ ገባሁ።

«ለምን አትነግሪያቸውም? ምናልባት ሰዉ ሲያይሽ ሕክምናው ይፈጥን ይሆናል» አልኳት።

«ፊቴን አንድ ቀን ካሳየሁ ከዚያ ወዲያ ማን ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥልኛል? ሲያዝንልኝ ይውላል እንጂ» አለች። «ግን የምክር ቤቱ ሰውዬ ነገ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ የለ? በጀቱን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። እኔው እጠይቀዋለሁ።»

በማግሥቱ ሁለቱ ተከራካሪዎች በአንድ መኪና መጡ። የጠበቃው መኪና ጋራዥ ገብታ የምክር ቤቱ ሰው ነው ያመጣው። ሚስቶቻቸው የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው፤ ልጆቻቸው አብረው ይዋኛሉ። «ዛሬ እንዳታጋድመኝ» ይለዋል አንዱ፤ «አንተ ራስህ ገመድ ይዘህ መጥተህ!» ይላል ሌላው፤ ይሣሣቃሉ። ቁም ነገር ለካሜራ ነው የሚቀመጠው።

የምክር ቤቱ ሰው ቀድሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጠበቃው ከኋላ አግዳሚው ላይ። ማይክራፎን ልሰካ በሩ ላይ ስጠብቅ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ንግግሩን ይለማመድ ነበር።

«እኔ የምናገረው ለራሴ አይደለም። እኔ ማታ ስተኛ የተጎጂዎቹ ፊት ነው የሚታየኝ።»

እቴቴ ፓውደሩን እየቀባችው «ክቡርነትዎ፣ የተጎጂዎቹ የሕክምና በጀት ከምን ደረሰ?» አለችው።

«እ?»

«ኮሚቴው ከናንተ ነው የምንጠብቀው ይላል።»

«እሱ የሌላ ቋሚ ኮሚቴ ነው እህቴ። እኛ የምናየው የቅጣቱን ጎን ነው።»

ወደ ጠበቃው ዞረች። «እርስዎስ ጌታዬ? ድርጅታችሁ ለተጎዱት...»

«እኛ የምንሠራው በተፈረደባቸው ላይ ነው፤ ለተጎጂዎች ሌላ ድርጅት መኖር አለበት» አለ ጠበቃው ከስልኩ ቀና ሳይል። መኖር አለበት። ስለ ዓይኗ የተሰጣት መልስ ይህ ነው።

እቴቴ ወደ ሰውዬው ግንባር ተመለሰች። ስፖንጇን ነክራ ቀጠለች። ያን ሰሞን የቀኝ ዓይኗን ጭጋግ ይሸፍነው እንደነበር ለማንም አልተናገረችም። ፊት ለፊት ስትቆም በቀኟ የሚውለው የሰውዬው የግራ ጎን ነው፤ የመስታወቱ አምፖሎችም በዚያው በኩል ነበር የተቃጠሉት። እጇ እንደለመደው የሄደ መስሏት ነበር፤ ስፖንጁ ግን ከግንባሩ መሃል አላለፈም። «ጨርሻለሁ ክቡርነትዎ» አለችው። ሰውዬውም ክራቫቱን ብቻ አይቶ ተነሣ።

ክርክሩ ተጀመረ። ሁለቱም የሚሉት እውነት እንዳለው አልክድም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የምክር ቤቱ ሰው «የሞቱት ይግባኝ አልተባለላቸውም፤ መንግሥት ዜጋውን ያረደ ሰው እያበላ ማኖር የለበትም» አለ። ጠበቃው «ፍርድ ቤት ይሳሳታል፤ የተሰቀለ ሰው ግን ይቅርታ ተብሎ አይወርድም፤ ለሞት የቆረጠን ሰው በሞት ማስፈራራትም ከንቱ ነው» አለ። ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ግን ማን ሰማቸው? ሰው ሁሉ ግንባር እያየ ነበር።

መብራቱ ሲግል የሰውዬው የግራ ግንባር ያብለጨልጭ ጀመር። ቀኙ ደረቅ፣ ግራው እንደ ተወለወለ መጥበሻ። ካሜራማናችን ላብ ይወዳል፤ ተጠጋበት። ክርክሩን የሚመራው ጋዜጠኛ «በስህተት ንጹሕ ሰው ቢሰቀልስ?» ብሎ ሲጠይቀው አንድ የላብ ጠብታ ከፀጉሩ ሥር ተነሥታ፣ ቀስ ብላ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ቆመች። ሰውዬው መለሰ፤ ምን እንዳለ እኔ እንኳ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ አላስታውስም። ከጎኑ ጠበቃው፣ ተራው ሲደርስ ፊቱን ወደሚበሩት አምፖሎች አዙሮላት ስለነበር፣ እቴቴ አዳርሳ የቀባችው ፊቱ ደርቆና ረግቶ ጻድቅ መስሎ ተቀምጧል። በስልክ ድምፅ ከሚሰጠው ሕዝብ መጀመሪያ ላይ «ይሰቀሉ» የሚለው በብዙ ይበልጥ ነበር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ተገልብጦ አረፈ።

በማግሥቱ ጋዜጦቹን ማየት ነበር። አንዱ «ኅሊና ሲያልብ» አለ። አንድ ፕሮፌሰር ሰውዬው በጥያቄው ላይ ያሳየው መሸበር ረቂቁ የቆመበትን መሠረት መናጋት ያመለክታል ብሎ ገጽ ሙሉ ጻፈ። በታክሲ ውስጥ ያ ዶሮ አርዶ የማያውቀው ሰው «ያልበዋል እኮ! ውሸታም» አለ። ረቂቁን ይደግፉ የነበሩ የምክር ቤት አባላት አንድ በአንድ ድንገት የሰው ልጅ ክብር ትዝ አላቸው። ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ። ጠበቃው ተሸለመ፤ ሽልማቱን ሲቀበልም የረታው በምክንያት ኃይል እንደሆነ ተናገረ።

ለእቴቴ ያልቀባችውን ግማሽ ግንባር የነገርኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ቅጂውን አስከፍቼ አሳየኋት። ግራ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ዝም ብላ አየች።

«ሦስቱን ያዳንሻቸው አንቺ ነሻ» አልኳት። እነሱ ያጠፉት ዓይን ነው ከገመድ ያወጣቸው ማለቴ ነበር።

«አዳንሻቸው አትበለኝ። ቢሰቀሉ ኖሮም ገደልሻቸው አትበለኝ ነበር። እኔ ግንባር ነው የቀባሁት፤ እሱንም ግማሹን» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ስለዚህ ጭጋጉ እውነት ነው ማለት ነው» አለች። ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

የምክር ቤቱ ሰው ግን ቅጂውን ደጋግሞ አይቶ ምክንያቱን ደረሰበት። ለሥራ አስኪያጁ ደወለ፤ ስብሰባ ተጠራ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ እሱ፣ አዘጋጇ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ በሠራተኛ ስም እኔ፣ እንዲሁም ጠበቃው ተቀመጥን። ጠበቃው የመጣው ለፍትሕ ነኝ ብሎ ነው፤ እውነቱ ግን በፓውደር ረታ እንዳይባል ነው። እቴቴ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ይህ ስህተት አይደለም» አለ የምክር ቤቱ ሰው። «ይህቺ ሴት ከአሸባሪዎቹ ጋር ወግናለች። በክርክሩ የተሸነፍኩት በዚህ ብቻ ነው።»

«ከፓውደሩ ጋር ምን አገናኘው?» ተቆጣ ጠበቃው። «የተሸነፍከው በመከራከሪያ ነው!»

«በመከራከሪያማ አጋድሜህ ነበር!»

እንዲህ እያሉ ስለ ግንባሩ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ስለ ሦስቱ ሰዎች አንገት እንኳ ይህን ያህል አልጮሁም። ሥራ አስኪያጁ መላጣውን ያሻሻል። እቴቴ ቦርሳዋን ከፍታ ጥጥና ቅባት አወጣችና ፊቷን መጥረግ ጀመረች። አልቸኮለችም። አንዱን ጥጥ ስትጨርስ አጥፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሌላውን ታነሣለች። ሁለቱ ክርክራቸውን ትተው ያዩዋት ጀመር። ጠርጋ ስትጨርስ ፊቷን ወደ እነሱ አዞረች። ቀላ ያለው፣ የተሸበሸበው ቆዳና የማይከደነው ዓይን አፈጠጡባቸው።

«ከማን ጋር ወግናለች ነው ያሉት፣ ክቡርነትዎ?»

መጀመሪያ አፏን የፈታችው አዘጋጇ ናት። «እቴቴዬ! እኛ እኮ እንዲህ ያለ ፊት ፍለጋ ያልዞርንበት የለም!»

ይህን ስትል አላፈረችም። የምክር ቤቱ ሰው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወንበሩን ወደ እቴቴ አስጠጋ። ድምፁ ማር ሆነ። ሌላ ክርክር ይዘጋጅ፤ እሷ ትቅረብ፤ ረቂቁ እንደገና ይነሣል፤ ሕክምናዋን እሱ ራሱ ይጨርስላታል። «ባላስፈጽም ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ማለላት። ለእሷ፣ በዓይኑ።

«ሕክምናው ከፕሮግራሙ በፊት ነው በኋላ?» አለች።

ሰውዬው አዘጋጇን አየ። አዘጋጇ ትንሽ አፈር አለችና «ከታከምሽ በኋላማ ምን ይታያል እቴቴዬ? በኋላ ነው እንጂ» አለች።

«ይቅር ብያለሁ ብትልም ኃይለኛ መልእክት ይኖረዋል» አለ ጠበቃው። «እንዲህ ካለ ፊት ይቅርታ ሲወጣ...»

«ቆይ» አለ የምክር ቤቱ ሰው፤ «እሷ ትናገር። እህቴ፣ ሰዎቹ ምን ይደረጉ ትያለሽ? አትፍሪ።»

ሁለቱም ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። እቴቴ ጥጦቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እኔ እንቅልፍ የለኝም» አለች። «ማታ የዓይኔን ቆብ በጣቴ ወደ ላይ ስቤ እተኛለሁ። ሸለብ ሲያደርገኝ እጄ ይወድቃል፤ ዓይኔ ይገለጣል፤ እነቃለሁ። ፕላስተር ብለጥፍበት ቆዳው ይላጣል። ስለዚህ ሦስቱም ተራ ገብተው ይምጡልኝ። አልጋዬ አጠገብ በርጩማ አደርግላቸዋለሁ። ቆቡን በጣታቸው ይያዙልኝ፤ እኔ ልተኛ። እስኪነጋ። በማግሥቱም፣ በሣልስቱም፣ እስክሞት ድረስ። ብትሰቅሏቸው ማን ይይዝልኛል? ብትፈቷቸውም አይመጡልኝም።»

  የምክር ቤቱ ሰው ክራቫቱን አስተካከለ።

«እንዲህ ያለ ቅጣት በሕጋችን ውስጥ የለም እህቴ።»

«በዚያ ላይ» አለ ጠበቃው፣ «የታሳሪን ክብር የሚነካ አያያዝ ነው። ድርጅታችን አይደግፈውም።»

በሦስቱ እስረኞች ጉዳይ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እቴቴ ተነሣች። «እንግዲያው እኔን ለፕሮግራም አትጥሩኝ» ብላ ወጣች።

ጥፋቷ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ነው ተባለና ከሥራ አላባረሯትም፤ «ዕረፍት» ሰጧት። ዕረፍቱ ማብቂያ አልነበረውም። የምክር ቤቱ ሰውዬ ዓይን አሁንም ዓይን ነው። የእቴቴ ቀኝ ዓይን ግን ክረምቱ ሳይገባ ብርሃኑን አጣ፤ የጉዳተኞች ኮሚቴው እስከ ዛሬ ሂደት ላይ ነው። ስለዚህ ነገር በሥርዓት ማዘን አቅቶኛል፤ የምችለው መናደድ ብቻ ነው።

በዓመቱ ረቂቁ እንደገና ተነሣና ሁለተኛው ታላቁ ክርክር ተዘጋጀ። ያው ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ ያው መኪና አመጣቸው። አዲሷ ሜካፕ ሠራተኛ ግንባራቸውን ዳር እስከ ዳር አድርቃ ላከችልኝ። ማይክራፎናቸውን ሰካሁና ወደ ቦታዬ ሄድኩ። እቴቴ ቤቷ ቁጭ ብላ በግራ ዓይኗ እያየች ነበር። ጋዜጠኛው ገና ከመጀመሩ ወደ ሁለቱ ዞረና «ለመሆኑ ተጎጂዎቹ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም አንዲት አፍታ እንኳ ሳያስቡ፣ እኩል መመለስ ጀመሩ።